ማልያው ላይ የማን አርማ ይቀመጥ?

የቤታችሁን ቁም ሣጥን ብትከፍቱ፣ ዘመድ ከውጭ የላከው ወይም ከገበያ የተገዛ፣ የአንድ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስም በትልቁ የተጻፈበት ሹራብ አይጠፋም። ስሙን ሁላችንም እናነባለን። ደረቱ ላይ የተቀመጠችውን የአምራቹን ትንሽ አርማ ግን ልብ የሚላት ጥቂት ሰው ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ደንብ የአምራቹ አርማ በመጫወቻ ማልያ ላይ ከ2¼ ስኩዌር ኢንች እንዳይበልጥ ለረጅም ዓመታት ተወስኖ ቆይቷል። ከክብሪት ሣጥን ፊት ያነሰች ቦታ ናት። ናይኪ፣ አዲዳስና አንደር አርመር በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚሻሙት በዚያች ቦታ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ወር ጉዳያችን ይኸው ሽሚያ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞቹን የሚያለብሰውን ኩባንያ እንዴት ይመርጣል? ጉዳዩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም። ልጁን በስፖርት ስኮላርሺፕ አሜሪካ ለመላክ የሚያስብ ወላጅ አለ፤ እዚያው ተወልደው በኮሌጅ ቡድን የሚሮጡና ኳስ የሚጫወቱ የዘመዶቻችን ልጆች አሉ። እዚህም ቢሆን፣ ለልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ማልያ “በነፃ” ላሠራላችሁ የሚል ድርጅት ሲመጣ ጥያቄው ያው ነው።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። የስፖንሰርሺፕ ጥያቄ ሲቀርብ የምቀመጠው ከሰጪው ወገን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ፦ ስፖንሰርሺፕ ስጦታ አይደለም። ከማስታወቂያ በጀት የሚወጣ ወጪ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ “ምን አመጣልን?” ተብሎ ይጠየቅበታል። ተቀባዩ ይህን ሲረሳና ትልቁን ቁጥር ብቻ ሲያይ ነው ነገር የሚበላሸው።

ጫማና ዩኒቨርሲቲ ምን አገናኛቸው?

ናይኪ ራሱ የተወለደው ከዩኒቨርሲቲ መሮጫ ሜዳ ነው። ፊል ናይት በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበር፤ ቢል ቦወርማን ደግሞ አሠልጣኙ። ሁለቱ በ1964 ብሉ ሪበን ስፖርትስ የሚባል ጫማ አስመጪ ድርጅት አቋቋሙ፤ ያ ድርጅት ነው ኋላ ናይኪ የሆነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሶኒ ቫካሮ ለናይኪ አንድ ቀላል ዘዴ ይዞ መጣ። ቫካሮን “ኤር” በተባለው ፊልም ማት ዴመን ሲጫወተው አይታችሁት ይሆናል። ዘዴው ለኮሌጅ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኞች ገንዘብና ጫማ መስጠት ነበር። በዚያ ዘመን ደንብ ተጫዋቹ ከስኮላርሺፑ ውጭ ገንዘብ መቀበል አይችልም፤ አሠልጣኙ ግን ይችላል። አሠልጣኙ ከፈረመ ተጫዋቹ ያጠልቃል። ቀስ በቀስ ውሉ ከአሠልጣኙ ወደ ዩኒቨርሲቲው ዞረ፤ ከቅርጫት ኳስም ወደ ሁሉም የስፖርት ዓይነት ሰፋ። ዛሬ በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከአሜሪካ እግር ኳስ እስከ ዋና፣ ከቮሊቦል እስከ አገር አቋራጭ ሩጫ ያለው ስፖርተኛ ሁሉ ከአንድ ኩባንያ ይለብሳል።

ውሉ ሲፈረም ጋዜጦች የሚጽፉት አንድ ጠቅላላ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ግን ሁሉም ጥሬ ገንዘብ አይደለም። አንደኛው ክፍል ገንዘብ ነው፤ ሌላው ክፍል ዕቃ ነው፦ ማልያ፣ ቱታ፣ ጫማ፣ ቦርሳ። ዕቃው ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በመደብር መሸጫ ዋጋው ስለሆነ ለኩባንያው የሚወጣበት ወጪ ከተጻፈው በእጅጉ ያነሰ ነው። ከዚህ ሌላ ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚጨመር ጉርሻ አለ፤ ግዴታ ሲጓደል የሚቀነስም አለ። ስለዚህ ሁለት ቅናሾች ወይም ሁለት ጭማሪዎች ሲወዳደሩ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ከዚህ ውስጥ ስንቱ ጥሬ ገንዘብ ነው?” የሚለው ነው።

የ280 ሚሊዮን ዶላሩ ትምህርት

በግንቦት 2016 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለሱ፣ በአጭር ስሙ ዩሲኤልኤ፣ ከአንደር አርመር ጋር የ15 ዓመት ውል አወጀ። ዋጋው 280 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ታሪክ ትልቁ። ዩኒቨርሲቲው ለብዙ ዓመታት ከአዲዳስ ጋር ነበር። አንደር አርመር በ1996 ኬቨን ፕላንክ በተባለ የቀድሞ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የተመሠረተ ወጣት ኩባንያ ነው፤ ያኔ ከናይኪ እኩል ለመቆም እየተጣደፈ ነበር። ስም ካለው ዩኒቨርሲቲ ጋር መታየት ይፈልግ ስለነበር ከሌሎቹ በላይ ከፈለ።

እንደ ገበያ ሰው ሳየው ማስጠንቀቂያው እዚያው ውስጥ ነበር። ከገበያው በላይ የሚከፍል ኩባንያ የሚከፍለው ስለሚያድግ ነው፤ ማደጉ ሲቆም መጀመሪያ የሚነካው ይህ ዓይነቱ ወጪ ነው። ከ2017 ጀምሮ የአንደር አርመር ገበያ ተቀዛቀዘ። በ2020 ኮቪድ መጣ። በሰኔ ወር ኩባንያው፣ ያልተቀበልኩትን የማስታወቂያ ጥቅም እየከፈልኩበት ነው፣ ውሉም እንድወጣ ይፈቅድልኛል ብሎ ማቋረጡን አስታወቀ። ከ15 ዓመቱ የተሠራበት ሦስቱ ብቻ ነበር።

ዩሲኤልኤ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠይቆ ከሰሰ። አንደር አርመርም በአጸፋው ከሰሰ፤ ከአቤቱታዎቹ አንዱ ተጫዋቾቹ ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ የተለጠፈ ጨርቅ ማልያቸው ላይ አድርገው አርማዬን ሸፈኑ የሚል ነበር። በ2022 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያው 67.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ። በመካከሉ ዩኒቨርሲቲው ከናይኪና ከእህት ስሙ ጆርዳን ጋር የስድስት ዓመት ውል ፈርሟል፤ ዋጋው 46.45 ሚሊዮን ዶላር። እስቲ አካፍሉት። የመጀመሪያው በዓመት ወደ 18.7 ሚሊዮን ይደርስ ነበር፤ ሁለተኛው 7.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግማሽ እንኳ በማይሞላ ዋጋ ፈርሞ ተረጋጋ።

ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር፦ የውል ዋጋው ያለው ከፊት ገጹ ላይ ሳይሆን፣ “ውሉ የሚቋረጠው መቼና በማን ነው?” ከሚለው አንቀጽ ላይ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ስለ ፍቺ መናገር እንደሚያስነውር፣ ስፖንሰር ሲመጣም ስለ መለያየት ማንሳት ያሳፍረናል። መነሳት ያለበት ግን ያኔ ነው፤ ሁለቱም ወገን ገና ሲፈላለጉ።

ጫማው የሚገባው እግር ውስጥ ነው

የካቲት 20 ቀን 2019 ማታ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ሲጋጠም አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ባራክ ኦባማም ከተመልካቹ መካከል ነበሩ። ሁሉም ሊያየው የመጣው ዛየን ዊሊያምሰን የተባለውን የ18 ዓመት ወጣት ነው። ጨዋታው ከተጀመረ ደቂቃ ሳይሞላ ልጁ አቅጣጫ ሲቀይር የግራ ጫማው ተሰንጥቆ እግሩ ወጣ፤ ጉልበቱም ተጎዳ። ጫማው ናይኪ ነበር። በማግሥቱ የናይኪ አክሲዮን አንድ በመቶ ገደማ ወረደ።

ብዙ ሰው ያወራው ስለ አክሲዮኑ ነው። ለወላጅ ግን ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ወጣት ያንን ስም አልመረጠም፤ ዩኒቨርሲቲው መረጠለት። ለማልያው ብዙም ላያሳስብ ይችላል። ጫማ ግን የሰውነት ጉዳይ ነው። እኛ ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ የማይመቸውን ጫማ ትቶ በባዶ እግሩ ነው ማራቶኑን ያሸነፈው።

ስለዚህ ጥሩ መራጭ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ዕቃውን ለስፖርተኞቹ ሰጥቶ ያስሞክራል፦ ለሯጩም፣ ለዘላዩም፣ ለግብ ጠባቂዋም። እግሩ ሰፊ የሆነው ልጅ የሚሆነው ቁጥር አለ ወይ? ሐኪም ሌላ ጫማ ካዘዘ ይፈቀዳል ወይ? በብዙ ውሎች ውስጥ ለሕክምና ምክንያት መውጫ ይቀመጣል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ተጫዋቹ ቁርጭምጭሚቱን ለመደገፍ ጫማውን በፕላስተር ከውጭ ቢጠቀልል አርማው ይሸፈናል ተብሎ የሚከለከልበት ውል አለ። ልጇ እዚያ የምትጫወት እናት ይህን ልታውቅ ይገባል።

የሴቶቹ ነገር ራሱን የቻለ ነው። በአሜሪካ “ታይትል ናይን” የሚባለው የ1972 ሕግ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በፆታ እንዳያዳላ ያስገድዳል፤ የስፖርት ዕቃና ልብስም ከዚሁ ይቆጠራል። ስለዚህ ኩባንያው ለወንዶች አዲስ ሰፍቶ ለሴቶች የወንዱን አሳንሶ የሚያመጣ ከሆነ ችግሩ የውበት ብቻ አይደለም፤ ተጠያቂው ዩኒቨርሲቲው ነው። በሴት ስፖርተኞች ላይ ከጫማው እኩል መሞከር ያለበት የስፖርት ጡት ማስያዣው ነው።

ስምን አብሮ መሸጥ

የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ቡድኖች “ሌዲ ቮልስ” በሚል ስም ይታወቃሉ። ስሙን ያገነነችው ስምንት ጊዜ የአገር ሻምፒዮን የሆነችው አሠልጣኝ ፓት ሰሚት ናት። በ2015 ዩኒቨርሲቲው ከአዲዳስ ወደ ናይኪ ሲዛወር፣ ሁሉም ቡድን በአንድ አርማ ይጠራ ተብሎ ከቅርጫት ኳስ በስተቀር የሴቶቹ ስምና አርማ ተነሣ። ለገበያ ሰው አንድ አርማ ጥሩ ነው፤ ያቀላል። ለሴቶቹ ግን የእናቶቻቸውና የታላላቆቻቸው ስም ነበር። የቀድሞ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ከተሟገቱ በኋላ በ2017 ስሙ ተመለሰ። ይኸው ዩኒቨርሲቲ በ2025 ደግሞ ከ2026 ጀምሮ ወደ አዲዳስ እንደሚመለስ አስታወቀ። ስፖንሰር ይመጣል፣ ይሄዳል። ስሙ ግን የተማሪዎቹ ነው፤ ማልያ በተለወጠ ቁጥር አብሮ መለወጥ የለበትም።

ከጠረጴዛው ሥር የሚሰጥ ገንዘብ

ቤተሰብን በቀጥታ የነካው የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። በነሐሴ 2017 ዩኒቨርሲቲው ከአዲዳስ ጋር የ10 ዓመት፣ የ160 ሚሊዮን ዶላር ውል አወጀ። ወር ሳይቆይ የአሜሪካ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ፣ የአዲዳስ የቅርጫት ኳስ ማርኬቲንግ ኃላፊ ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ አንድ ወጣት ተጫዋች ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ለአባቱ 100,000 ዶላር በድብቅ ሊሰጥ ተስማምቷል ብሎ ክስ መሠረተ። ታዋቂው አሠልጣኝ ሪክ ፒቲኖ ከሥራው ተነሣ። ኃላፊው በጥቅምት 2018 ጥፋተኛ ተባለ።

ልጁስ? ለሉዊቪል አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ታገደ። ሌላ ኮሌጅ ሄዶም አልተፈቀደለትም፤ የኮሌጅ ጨዋታ ሳያይ ተሰናበተ። ትልቁ ውል የተፈረመው በአደባባይ ነው፤ ልጁን ያሰናከለው ትንሹ ውል ግን በር ተዘግቶ የተደረገው ነው። እንግዲህ በስፖርት የሚተማመን ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ “ልጅህን ወደዚህ ላከው፣ የሚገባህን እናስብልሃለን” የሚል ደላላ ሲመጣ ከእናንተ በፊት ዋጋ የሚከፍለው ልጁ መሆኑን አስቡ።

ከ2021 ሐምሌ ወዲህ ደንቡ ተለውጧል። የኮሌጅ ስፖርተኛ በስሙና በምስሉ በይፋ ገንዘብ ማግኘት ይችላል፤ በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለስፖርተኞች በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቀደ፤ ጣሪያው ለመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህ የልብስ ስፖንሰር ምርጫውንም ይነካዋል። ዛሬ ለዩኒቨርሲቲው ከተጨማሪ ሺህ ቱታ ይልቅ ጥሬ ገንዘብ ይጠቅመዋል። ለስፖርተኛው ደግሞ አዲስ ጥያቄ ተወልዷል፦ የራሴ ውል ከአንዱ ኩባንያ፣ የዩኒቨርሲቲዬ ውል ከሌላው ቢሆን በሜዳ ላይ የማንን አጠልቃለሁ? ይህ ከመፈረም በፊት በጽሑፍ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው።

ማን ሰፋው?

በ2011 በኢንዶኔዥያ ፒቲ ኪዞን የተባለ ልብስ ፋብሪካ ተዘጋ። ወደ 2,800 የሚጠጉ ሠራተኞች የሥራ ስንብት ክፍያቸውን ሳያገኙ ቀሩ። ለአዲዳስ ይሰፉ ነበር፤ ኩባንያው ግን መጀመሪያ ላይ ክፍያው እኔን አይመለከትም አለ። የአሜሪካ ተማሪዎች ጉዳዩን ያዙት፤ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2012 ከአዲዳስ ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ፣ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ሌሎችም ተከተሉ። በ2013 አዲዳስ ከሠራተኞቹ ጋር ተስማማ። ይህን ያስቻለው ዩኒቨርሲቲዎቹ ውላቸው ውስጥ ስለ ሠራተኞች መብት አስቀድመው ያስገቡት አንቀጽ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። የዩኒቨርሲቲ ልብሶች የሚሰፉባቸውን ፋብሪካዎች የሚከታተለው፣ በ2000 የተቋቋመው የሠራተኞች መብት ድርጅት፣ በ2018 መጨረሻ ላይ በኢትዮጵያ ልብስ ፋብሪካዎች ያገኘውን አውጥቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ማዕከል ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፈ። የአሜሪካ ኮሌጆች ማልያ እዚህ ተሰፍቷል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ከልብስ ስፌት ማሽኑ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ የሲዳማ ወይም የወላይታ ልጅ ልትሆን እንደምትችል እናውቃለን። “ማን ሰፋው?” የሚለው ጥያቄ ከእኛ ቢመጣ ያምራል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

“የሰው ወርቅ አያደምቅ” ይላሉ አበው። እኔ ስፖንሰር አትቀበሉ አልልም፤ እንጀራዬም ነው። በደንብ የተመረጠ ስፖንሰር ትምህርት ቤቱ ሊገዛው የማይችለውን ኳስ፣ ታኬታና ቱታ ያመጣል። በወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ከሆናችሁ ወይም ልጃችሁን ወደ ኮሌጅ ቡድን የምትልኩ ከሆነ ግን ከመስማማታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ከተባለው ዋጋ ውስጥ ስንቱ ገንዘብ፣ ስንቱ ዕቃ ነው? ዕቃው መቼ ይደርሳል? ውድድሩ ካለፈ በኋላ የመጣ ማልያ ለስፖንሰሩ ፎቶ እንጂ ለልጆቹ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ድርጅቱ በመካከል ቢተወን ምን ይተርፈናል? ለዓመት ያህል የሚያስኬድ ካሳ ወይም የማስጠንቀቂያ ጊዜ ተጽፏል ወይ?

ሦስተኛ፣ ልጆቹ ለብሰው ሞክረውታል ወይ? ሴቶቹስ?

አራተኛ፣ በምላሹ ምን እንሰጣለን? የልጆቹ ፎቶ በማስታወቂያ ላይ ይወጣል ወይ? የወላጅስ ፈቃድ ተጠይቋል? የትምህርት ቤቱ ስምና ቀለም እንዳለ ይቆያል?

አምስተኛ፣ ከውሉ ውጭ ለአሠልጣኝ፣ ለኃላፊ ወይም ለወላጅ ለብቻው የተሰጠ ነገር አለ? ካለ ሁሉም ሰው ፊት ይነገር።

እንደ ሰጪ ወገን ልመስክር፦ እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ሲመጣ እኛ አንሸሽም። ደብዳቤውን ከሌሎቹ ለይተን ከላይ እናስቀምጠዋለን፤ ምክንያቱም የሚጠይቅ ሰው የገባውን ቃልም ይጠብቃል። የምንፈራው “የሰጣችሁንን ሁሉ እንቀበላለን” የሚለውን ነው፤ ነገ ሌላ ትንሽ ከጨመረለት ጋር ይሄዳልና።

ቸር እንሰንብት።